መድኃኒቱ ይሠራል፤ ግን ለማን? በምን ያህል? ከምን ጋር?

አንድ መድኃኒት ተፈቅዶ ፋርማሲ ከገባ በኋላ ጥናቱ ያለቀ ይመስለናል። ተሞክሯል፣ ተረጋግጧል፣ ከዚህ ወዲያ የሚቀረው መዋጥ ብቻ ነው እንላለን። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። መድኃኒቱ ሲፈቀድ በደንብ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሺህ ሰዎች ላይ ምን እንዳደረገ ነው። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ተመርጠው የገቡ ናቸው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው አይገባም። ነፍሰ ጡር አትገባም። ሌላ አምስት ዓይነት መድኃኒት የሚወስዱ የ80 ዓመት አዛውንት ብዙ ጊዜ ከበር ይመለሳሉ። ነገ ያንን መድኃኒት የሚወስዱት ግን እነዚሁ ከበር የተመለሱት ሰዎች ናቸው።

ቁጥሩም ገደብ አለው። አንድ ጉዳት በ3,000 ሰዎች ሙከራ ላይ አንዴም አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም። ከ1,000 ሰው አንዱን የሚጎዳ ነገር እንኳ በዚህ ሙከራ ውስጥ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ከ10,000 አንዱን የሚጎዳ ከሆነማ የሚታወቀው መድኃኒቱ በሰፊው ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1968 ከየአገሩ የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርት የሚሰበሰብበትን ፕሮግራም የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በተፈቀደው መድኃኒትና በሚውጠው ሰው መካከል ያለውን ይህን ክፍተት ሥራዬ ብሎ የያዘ ሙያ አለ፤ ክሊኒካል ፋርማሲ ይባላል። ክሊኒካል ፋርማሲስቱ ማዘዣ ተቀብሎ መድኃኒት በማስረከብ አያበቃም። ከሐኪሙና ከነርሷ ጋር ታማሚው አልጋ አጠገብ ይቆማል። ይህ መድኃኒት ለዚህ ሰው ይሆናል? መጠኑስ ልክ ነው? ከሌላው ጋር ይስማማል? አሁንም ያስፈልገዋል? እያለ ይጠይቃል። በ1966 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ፋርማሲስቶች ወደ ሆስፒታሉ 9ኛ ፎቅ ወጥተው ታማሚዎቹ ባሉበት እንዲሠሩ ተደረገ። ሙያው ከዚያ እንደተነሳ የሚናገሩ ብዙ ናቸው።

የክሊኒካል ፋርማሲ ምርምር የሚባለው እነዚሁ ጥያቄዎች ናቸው። ልዩነቱ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለመቶዎችና ለሺዎች መጠየቃቸው፣ መልሱም በግምት ሳይሆን በልኬት መመለሱ ነው።

ግምት ሲገድል

ግምት ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ጥናት ልንገራችሁ። ስለ መድኃኒት የማስብበትን መንገድ እንደዚህ የቀየረብኝ ሌላ ጥናት የለም።

በ1980ዎቹ ሐኪሞች አንድ የሚያውቁት ነገር ነበር። ሃርት አታክ ደርሶባቸው የተረፉ ሰዎች ልባቸው በየመሃሉ ተጨማሪ ምት ካለው፣ በድንገት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ይላል። ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ የሚባሉ መድኃኒቶች ደግሞ ይህን ተጨማሪ ምት ጸጥ ያደርጋሉ። ለውጡ ኢሲጂው (የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚያሰፍረው ምርመራ) ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንግዲህ ምቱ ከተስተካከለ ሞቱም ይቀንሳል ማለት ነው። ማን ይከራከራል? መድኃኒቶቹ ለብዙ ሰው ታዘዙ።

ከዚያ ካስት የተባለው ጥናት መጣ። ተመራማሪዎቹ መድኃኒቱ ምታቸውን ያስተካከለላቸውን ሰዎች መርጠው በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ መድኃኒቱን ወሰዱ። ግማሾቹ መልኩ አንድ የሆነ፣ ውስጡ ግን ምንም መድኃኒት የሌለበት እንክብል ወሰዱ። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ታማሚውም የሚያክመው ሐኪምም አያውቁም። በ1989 ይህ የጥናቱ ክፍል ከቀነ ገደቡ በፊት እንዲቆም ተወሰነ። በ1991 የታተመው ውጤት ይኸው፦ መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63ቱ ሞተዋል። ባዶውን እንክብል ከወሰዱት 743 ሰዎች የሞቱት 26 ናቸው።

ኢሲጂው አምሮ ሰውየው ይሞታል ማለት ነው። ያዘዙት ሐኪሞች ግድየለሾች አልነበሩም። ምክንያታቸው ውሃ የሚያነሳ ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በወረቀቱ ላይ የታየው መሻሻል ወደ ሰውየው ዕድሜ መድረስ አለመድረሱን የለካ ሰው አልነበረም።

ዕጣው ለምን አስፈለገ? ሐኪም በራሱ ምርጫ መድኃኒት ሲሰጥ ሳያስበው ያደላል። ለበረታው አንዱን፣ ለደከመው ሌላውን ያዛል። በኋላ አንደኛው ቡድን ቢሻለው መድኃኒቱ ነው ወይስ መጀመሪያውኑ የበረቱ ስለነበሩ ነው? መለየት አይቻልም። ዕጣ ግን አያዳላም። ጠንካራውንም ደካማውንም፣ ወጣቱንም አዛውንቱንም በሁለቱ ቡድኖች ያዳርሳል። ስለዚህ ከዚህ በታች «በዕጣ» የሚል ቃል ስታገኙ ጥናቱ ጠንከር ያለ መሆኑን ልብ በሉ።

አንድ እንክብል፣ የተለያየ ሰውነት

ዋርፋሪንን እንውሰድ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ፣ ከ1954 ጀምሮ ለሰው የሚሰጥ የቆየ መድኃኒት ነው። መጠኑ ካነሰ ደም ይረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ከበዛ ደግሞ ሰውየው ይደማል። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ለዚህ ነው ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አይኤንአር የሚባል፣ ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ በቁጥር የሚያሳይ የደም ምርመራ በየጊዜው የሚያደርገው። ለአብዛኞቹ ታማሚዎች ቁጥሩ ከ2 እስከ 3 ባለው ውስጥ እንዲቆይ ይፈለጋል።

አስቸጋሪው ነገር እዚያ ቁጥር ላይ የሚያደርሰው መጠን ከሰው ሰው መለያየቱ ነው። አንዱ በቀን 2 ሚሊግራም ይበቃዋል። ሌላው 10 ሚሊግራም ይፈልጋል። ዕድሜ አለበት፣ ክብደት አለበት፣ የሚበሉት ቅጠላ ቅጠል አለበት፤ ምክንያቱም ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬን በመቃወም ነው። ዘረመልም አለበት። ጉበት ውስጥ ዋርፋሪንን የሚሰባብር ሲዋይፒ2ሲ9 የሚባል ኢንዛይም (የሰውነትን ኬሚካላዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን) አለ። በአንዳንድ ሰው ላይ በተፈጥሮው ቀርፋፋ ነው። መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ፕሮቲን የሚሠራው ጂንም እንዲሁ ከሰው ሰው ይለያያል።

ታዲያ ዘረመሉን አስቀድሞ መርምሮ መጠኑን መወሰን አይሻልም? በ2013 ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ይህንኑ በዕጣ ፈተኑ። አውሮፓ ውስጥ የተደረገው ጠቃሚ ነው አለ፤ በዘረመላቸው መሠረት የታዘዘላቸው ሰዎች አይኤንአራቸው በተፈለገው ልክ ውስጥ የቆየው 67 በመቶ ያህሉን ጊዜ ነበር። በተለመደው መንገድ የታዘዘላቸው ላይ 60 በመቶ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የተደረገው፣ ኮአግ የተባለው ጥናት ግን በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አላገኘም። ይባስ ብሎ ጥቁር ታማሚዎች ላይ መጠኑን ከዘረመል በሚያሰላው ቀመር የታዘዘላቸው የባሰ ውጤት አመጡ፤ አይኤንአራቸው በተፈለገው ልክ የቆየው 35 በመቶ ያህሉን ጊዜ ሲሆን፣ ያለ ዘረመል የታዘዘላቸው ላይ 44 በመቶ ገደማ ነበር።

ለምን? ብዙ ተመራማሪዎች ጣታቸውን የሚቀስሩት ቀመሩ ላይ ነው። ቀመሩ ያካተታቸው የዘረመል ልዩነቶች በዋናነት አውሮፓውያን ላይ የሚታወቁት ናቸው። አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ ዋርፋሪንን የሚያዘገዩ ሌሎች ልዩነቶች አሉ። እነሱ ቀመሩ ውስጥ አልነበሩም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማን ላይ እንደተጠና ሳይጠየቅ «በሳይንስ የተረጋገጠ» የተባለ ቀመር፣ ያልተጠናበትን ሰው ሊጎዳ እንደሚችል በቁጥር ያየነው እዚህ ላይ ነው።

ኮዴይን ሌላው ምሳሌ ነው። ለሕመም ማስታገሻና ለሳል ለብዙ ዘመን ሲሰጥ ኖሯል። ኮዴይን በራሱ ደካማ ነው። ሥራውን የሚሠራው ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ኢንዛይሙ የማይሠራለት ሰው ኮዴይን ወስዶ ሕመሙ እንዳለ ይቆያል። «ያጋንናል» ይባል ይሆናል፤ ግን አላጋነነም። በተቃራኒው የኢንዛይሙን ጂን በትርፍ ቅጂ የተሸከሙ ሰዎች አሉ። እነሱ ላይ ኮዴይኑ በፍጥነት ብዙ ሞርፊን ይሆናል። ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ቶንሲላቸውን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ በተለመደው መጠን ኮዴይን ተሰጥቷቸው የሞቱ ሕፃናት ነበሩ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 ለእንዲህ ያሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ ከባዱን ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ2017 ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሁሉ እንዳይሰጥ ከለከለ።

የትርፍ ቅጂው ስርጭት ከሕዝብ ሕዝብ በጣም ይለያያል። በሰሜን አውሮፓ ያለባቸው ሰዎች ጥቂት በመቶ ብቻ ናቸው። በ1996 ስለ ኢትዮጵያውያን የታተመ ጥናት ግን 29 በመቶ ላይ አግኝቶታል። መድኃኒቱ አንድ፣ መጠኑ አንድ፣ አደጋው ግን ፍጹም የተለያየ ነው ማለት ነው።

ምርምሩ ያለ ምንም ማንገራገር ያሸነፈበት ቦታም አለ። አባካቪር የኤችአይቪ መድኃኒት ነው። ከጀመሩት ሰዎች ጥቂቶቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ ሽፍታና ትውከት ያለበት ከባድ አለርጂ ይይዛቸዋል። አቁመው እንደገና ከጀመሩት ሊገድል ይችላል። ተመራማሪዎች ይህ ከአንድ የዘረመል ምልክት ጋር እንደሚያያዝ ደረሱበት፤ ኤችኤልኤ-ቢ 57፡01 ይባላል። በ2008 የታተመ ጥናት ከ19 አገሮች 1,956 ታማሚዎችን በዕጣ ከፈለ። በአንደኛው ቡድን ምልክቱ ያለበት ሰው አባካቪር እንዳይጀምር ተደረገ። ሌላው ቡድን እንደ ወትሮው ታከመ። እንደ ወትሮው በታከመው ቡድን 2.7 በመቶ ላይ በምርመራ የተረጋገጠ አለርጂ ተከሰተ። አስቀድሞ በተመረመረው ቡድን ውስጥ አንድም አልነበረም። አንድ የደም ምርመራ፣ አንድ አደጋ ከሥሩ ተነቀለ።

በ2023 ደግሞ በሰባት የአውሮፓ አገሮች ወደ 7,000 የሚጠጉ ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት ታትሟል። 12 ጂኖችን አንድ ላይ መርምሮ በዚያ መሠረት ማዘዝ ምን ያመጣል ብሎ ጠየቀ። መድኃኒታቸውን የሚነካ የዘረመል ልዩነት ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል፣ በምርመራው መሠረት የታከሙት ላይ ጉልህ የጎንዮሽ ጉዳት የደረሰው በ21 በመቶ ነው። በተለመደው መንገድ በታከሙት ላይ ወደ 28 በመቶ ነበር። ጥሩ ውጤት ነው። የኮአግን ትምህርት የያዘ ሰው ግን ወዲያው «ሌሎች ሕዝቦች ላይስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው።

መድኃኒት ከመድኃኒት ሲገናኝ

በ1989 በካናዳ ኦንታሪዮ ዴቪድ ቤይሊ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ፌሎዲፒን የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ከአልኮል ጋር ሲወሰድ ምን እንደሚሆን ያጠኑ ነበር። ታማሚዎቹ አልኮል እንደጠጡ እንዳይለዩ ጣዕሙን በግሬፕፍሩት ጭማቂ ሸፈኑት። ደም ውስጥ የተገኘው የመድኃኒት መጠን ከጠበቁት እጅግ በልጦ ተገኘ። አልኮሉን ቢያወጡትም አልቀነሰም። ጥፋተኛው ጭማቂው ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንጀት ግድግዳ ላይ ሲዋይፒ3ኤ4 የሚባል ኢንዛይም አለ። የተዋጠውን መድኃኒት ወደ ደም ከመግባቱ በፊት ከፊሉን ይሰባብራል። የአንዳንድ መድኃኒቶች መጠን ሲወሰን ይህ ብክነት ታስቦ ነው። ግሬፕፍሩቱ ኢንዛይሙን ያበላሸዋል። ያኔ ሊባክን የነበረው ሁሉ ወደ ደም ይገባል። አንጀት አዲስ ኢንዛይም እስኪሠራ ደግሞ ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ ጠዋት ጭማቂውን ጠጥቶ ማታ መድኃኒቱን መዋጥ አያድንም። ኮሌስትሮል ለመቀነስ የሚሰጠው ሲምቫስታቲን ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ ነው።

ተቃራኒውም አለ። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ጉበትን ያነቃዋል። ሌሎች መድኃኒቶች ሥራቸውን ሳይሠሩ ተሰባብረው ያልቃሉ። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ሴት ሳታውቀው ልታረግዝ ትችላለች። ዶሉቴግራቪር የሚባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሪፋምፒሲን ሲጨመርበት በቀን አንዴ የነበረው 50 ሚሊግራም ሁለት ጊዜ ይደረግለታል። ይህ «ሁለት ጊዜ» የተባለው ከአየር ላይ አልመጣም። በፈቃደኞችና በታማሚዎች ደም ውስጥ ያለው መጠን ተለክቶ የተገኘ ነው።

በየቤቱ የሚገኝ ሌላ ጥምረት አለ። አንድ ሰው ለደም ግፊቱ እንደ ኢናላፕሪል ያለ መድኃኒትና ሽንት የሚያሸና እንክብል ይወስዳል። ጉልበቱን ሲያመው አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ይጨምራል። ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ ኩላሊት የሚያጣራበትን ግፊት ይነካሉ። አንድ ላይ ሲሆኑ ኩላሊቱ በድንገት ሊደክም ይችላል። በ2013 የታተመ ትልቅ ጥናት ሦስቱን አንድ ላይ በወሰዱ ሰዎች ላይ አደጋው 31 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። በመጀመሪያው ወር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ማስታገሻውን ሰውየው ያለ ማዘዣ ስለገዛው ሐኪሙ ላያውቅ ይችላል። ፋርማሲስት «ሌላስ ምን ይወስዳሉ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ለወሬ አይደለም። ያለ ማዘዣ የተገዛውንም፣ የባህል መድኃኒቱንም ንገሩት።

አምስት ሚሊሊትር

አሁን ወደ ትንሽ ነገር እንውረድ። ወደ ሕፃን ሽሮፕ።

ሌሊት ነው። ልጁ ያተኩሰዋል። እናት ጠርሙሱን አንስታ ብልቃጡ ላይ የመጣችውን ትንሽ ኩባያ ታያለች። ኩባያዋ ላይ ብዙ መስመሮች አሉ። መብራቱ ደብዛዛ ነው። ኩባያዋን ከላይ ሆና ስታያት ፈሳሹ መስመሩ ላይ የደረሰ ይመስላታል፤ ከጎን ብታያት ግን ልክ አይደለም። ትንሽ መጠን ሲሆን ስህተቱ ይብሳል፤ ኩባያው ሰፊ ስለሆነ አንድ ሚሊሜትር ከፍታ ራሷ ብዙ ፈሳሽ ናት።

ይህ ተራ ነገር ይመስላል። በ2016 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት 2,110 ወላጆችን ልካችሁ ቅዱ ብሎ ጠየቀ። የተለያየ መለያ ጽሑፍና የተለያየ መለኪያ ሰጣቸው። 84 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከትክክለኛው መጠን ከ20 በመቶ በላይ ራቁ። 21 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ቀዱ። በኩባያ ሲለኩ የስህተቱ ዕድል በሲሪንጅ ሲለኩ ከነበረው ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ። ወላጆቹ ቸልተኞች አልነበሩም፤ መለኪያው ነው ያሳሳታቸው። መፍትሔው የተራቀቀ ቴክኖሎጂ አይደለም። መርፌ የሌለው የአፍ መለኪያ ሲሪንጅ፣ ጠርሙሱም ማዘዣውም በአንድ መለኪያ፣ በሚሊሊትር ብቻ ይጻፍ ነው። «አንድ ማንኪያ» የሚለው ይቅር፤ የቤት ማንኪያ አንድ ዓይነት አይደለም።

እኔ ከዚህ ሁሉ ምርምር ልቤን የሚነካው ይህኛው ነው። አዲስ ሞለኪውል አልተፈለሰፈም። ሕፃኑ ግን ይጠበቃል።

ፋርማሲስቱ ራሱ ሲፈተን

የክሊኒካል ፋርማሲ ምርምር መድኃኒቱን ብቻ አይደለም የሚመዝነው፤ ባለሙያውንም ይመዝናል። ፋርማሲስት መጨመሩ በእውነት ለውጥ ያመጣል ወይ?

በ1999 ከቦስተን የወጣ ጥናት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ፅኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ አንድ ፋርማሲስት ከሐኪሞቹ ጋር ጠዋት ጠዋት አብሮ እንዲዞር ተደረገ። በማዘዝ ስህተት የሚመጣና ሊከለከል የሚችል ጉዳት በ1,000 የታማሚ ቀን (አንድ ታማሚ አንድ ቀን ሲተኛ አንድ ተብሎ ተቆጥሮ) ከ10.4 ወደ 3.5 ወረደ። ፋርማሲስቱ ከሰጣቸው 366 ሐሳቦች ሐኪሞቹ 362ቱን ተቀበሉ። ወሳኙ ሰዓቱ ነው። ማዘዣው ፋርማሲ ከደረሰ በኋላ ደውሎ ማስተካከል አንድ ነገር ነው። ውሳኔው በሚወሰንበት ቅጽበት እዚያው መገኘት ሌላ ነው።

ከዚያ በላይ የሚያስደንቀው በ2018 ከሎስ አንጀለስ የተሰማው ነው። የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ጥቁር ወንዶች ሐኪም ቤት ብዙም አይሄዱም ነበር። ፀጉር ቤት ግን አይቀሩም። ተመራማሪዎቹ 52 ፀጉር ቤቶችንና 319 ደንበኞችን ይዘው በፀጉር ቤት ደረጃ ዕጣ አወጡ። በአንዳንዶቹ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ሐኪም ጋ እንዲሄድና አኗኗሩን እንዲያስተካክል ይመክረዋል። በሌሎቹ ልዩ ሥልጠና የወሰደ ፋርማሲስት እዚያው ፀጉር ቤት ድረስ መጥቶ፣ ከሐኪሞቻቸው ጋር በተደረገ ስምምነት መድኃኒት ይጀምርላቸዋል፣ ይጨምርላቸዋል፣ ደማቸውን ይመረምራል። ከስድስት ወር በኋላ ምክር ብቻ ያገኙት ላይ የላይኛው ግፊት ቁጥር በአማካይ 9 ያህል ወረደ። ፋርማሲስቱ የመጣላቸው ላይ 27 ወረደ። መድኃኒቶቹ ለዓመታት የሚታወቁ የተለመዱ ናቸው። የተለወጠው ማን፣ የት፣ ስንት ጊዜ ተከታተለ የሚለው ብቻ ነው።

በእንግሊዝ 72 ጤና ጣቢያዎች ላይ የተደረገና በ2012 የታተመ ፒንሰር የተባለ ጥናትም አለ። ኮምፒውተሩ አደገኛ ማዘዣዎችን ያወጣል፤ ለምሳሌ የጨጓራ ቁስለት ለነበረበት ሰው ያለ ጨጓራ መከላከያ የታዘዘ ማስታገሻ፣ አስም ላለበት የታዘዘ ቤታ ብሎከር (ለልብና ለደም ግፊት የሚሰጥ መድኃኒት)። ፋርማሲስት ከጤና ጣቢያው ሠራተኞች ጋር ተቀምጦ ሲያስተካክላቸው፣ ዝርዝሩን ብቻ ከመስጠት በግልጽ በለጠ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። ብዙዎቹ የፋርማሲስት ጥናቶች የሚለኩት የተስተካከለ ማዘዣን፣ የወረደ የግፊት ቁጥርን፣ የቀነሰ ስህተትን ነው። ሰዎች ረዘም ላለ ዕድሜ ኖሩ ወይ የሚለውን በእርግጠኝነት የሚመልሱት ጥቂት ናቸው። ካስት ያስተማረውን የምናስታውስ ከሆነ ይህን ጥያቄ ለመድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን ለሙያውም ማቅረብ አለብን። ጥያቄው ሙያውን አያሳንሰውም፤ ቀጣዩን ጥናት የተሻለ ያደርገዋል።

ማቆምም ሕክምና ነው

ስለ መድኃኒት ስናወራ ስለ መጀመር እንጂ ስለ ማቆም አናወራም። አንድ ሰው ከአሥር ዓመት በፊት እንቅልፍ እምቢ ብሎት የተጀመረለትን እንክብል ዛሬም ይውጣል። ማን እንዳዘዘለት ራሱ ረስቶታል። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ግን የእንቅልፍ መድኃኒት ሚዛን ያስታል፣ ያደናግራል፣ ወድቆ ዳሌ መሰበርን ያመጣል።

በካናዳ ኩቤክ የተደረገና በ2018 የታተመ ጥናት በ69 ፋርማሲዎች የሚገለገሉ 489 አዛውንቶችን አካተተ። ሁሉም ዕድሜያቸው 65 ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ሁሉም ለዕድሜያቸው አይመከርም የተባለ መድኃኒት ይወስዳሉ። በዕጣ በአንደኛው ወገን የደረሱት ፋርማሲዎች ሁለት ነገር አደረጉ። ለታማሚው ስለ መድኃኒቱ አደጋና ስለ አማራጩ በቀላል ቋንቋ የተጻፈ መረጃ ሰጡ። ለሐኪሙ ደግሞ ማስረጃ ያለው አጭር አስተያየት ላኩ። ከስድስት ወር በኋላ በዚህ ወገን 43 በመቶዎቹ መድኃኒቱን መውሰድ አቁመዋል። በሌላው ወገን 12 በመቶ ነበሩ። ታማሚው ጥያቄውን ይዞ ገባ፣ ሐኪሙ መልሱን ይዞ ጠበቀው።

ይህን አንብባችሁ የእናታችሁን የእንቅልፍ መድኃኒት ነገ ጠዋት እንዳትጥሉት። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ዲያዜፓምና የመሳሰለው የእንቅልፍ መድኃኒት በድንገት ከቆመ እንቅልፍ ማጣቱ ብሶ ይመለሳል፤ ጭንቀት፣ መንቀጥቀጥ፣ አልፎ አልፎም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል። የሚቀነሰው ቀስ በቀስ፣ በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ነው። መጠኑ ጥቂት ይቀነሳል፣ ሰውነት እስኪለምደው ይጠበቃል፣ ከዚያ እንደገና ይቀነሳል። እንቅልፉ ከተረበሸ እዚያው ደረጃ ላይ ትንሽ ይቆያል። ቤታ ብሎከሮችና ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒትም በአንድ ጊዜ አይቋረጡም። ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ስታገኙ ቤት ውስጥ ያሉትን መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው ይዛችሁ ሂዱ። ስለ እያንዳንዳቸው ለምን እንደተጀመረና እስከ መቼ እንደሚወሰድ ጠይቁ።